ሕልሙን ጽፎ ማንበብ ያቃተው ሐኪም

ከደሴ ተነስቶ በአቀስታ አድርጎ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው መካነ ሰላም ይደርሳል። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ደጋ ነው፤ ስንዴና ገብስ፣ ባቄላና በግ ያለበት አገር። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ቁልቁል ወደ ዓባይ ይወርዳል።

በዚህ አገር፣ እንደ ሌላው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ጠርሙስ አለ። ቆጥ ላይ ተቀምጦ፣ ከጎተራ ሥር ተወሽቆ፣ አንዳንዴም ከምግብ ዘይቱ ጎን ቆሞ። ለነቀዝ፣ ለተምች፣ ለበግ እከክ የተገዛ ነው። ማላታይን የሚለው አለ፣ ዲያዚኖን የሚለው አለ። አብዛኛው ሰው ግን ባጭሩ መድኃኒት ነው የሚለው። የነቀዝ መድኃኒት፣ የበግ መድኃኒት።

ጣጣው የሚጀምረው እዚች ቃል ላይ ነው። ሳል የሚያስታግሰውም መድኃኒት፣ ነቀዝ የሚፈጀውም መድኃኒት ከተባለ ልጅ በምን ይለያቸው? ይህ ፈሳሽ በስህተትም ይሁን በንዴት ወደ ሰው ሆድ ሲገባ የሚያደርገው ነገር አስገራሚ ነው። የዓይን ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል። ምራቅ፣ እንባና ላብ ይወርዳል። ሆድ ይለቃል፣ ደረት በአክታ ይሞላል፣ ልብ ይዘገያል፣ ጡንቻ ይርገበገባል። በመጨረሻ ትንፋሽ ይቆማል።

ለምን እንዲህ ይሆናል? መልሱን ለማወቅ የአንድ ሰው ሕይወት መከተል ይበቃል። የኛ አገር ሰው አይደለም። ታሪኩ ግን ዞሮ ዞሮ ከዚያ ጠርሙስ ጋር ይገናኛል።

የወይን ነጋዴው ልጅ

ኦቶ ሎዊ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጁን 3 ቀን 1873 በጀርመኗ ፍራንክፈርት ከተማ ነው። በኛ 1865 ዓ.ም. መሆኑ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ ከጫኑ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላም ነበር። አባቱ ወይን ነጋዴ፣ ቤተሰቡ አይሁድ ነው።

ኦቶ ላቲንና ግሪክ ይሆንለታል፤ ሒሳብና ፊዚክስ ላይ ግን ደካማ ነበር። ልቡ ያለው የሥነ ጥበብ ታሪክ ላይ ነው። ቤተሰቡ ደግሞ ልጃችን ሐኪም ይሁን አለ። ይቺን ነገር ስንቶቻችሁ ታውቋት ይሆን! ኦቶም የቤተሰቡን ቃል አክብሮ ስትራስቡርግ ሕክምና ገባ። ከሕክምናው ክፍል እየቀረ የፍልስፍና ትምህርት ያዳምጥ እንደነበር ይነገርለታል። ያም ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1896 በሕክምና ዶክተር ሆነ።

ከዚያ ፍራንክፈርት ሆስፒታል ተመደበ። ያየው ነገር ሰበረው። ክፍሉ በሳንባ ነቀርሳና በሳንባ ምች በሽተኞች የተሞላ ነው። ያኔ ለነዚህ በሽታዎች የሚሰጥ ፍቱን መድኃኒት አልነበረም። ወጣቱ ሐኪም ማድረግ የሚችለው አልጋ ለአልጋ እየዞረ ሲሞቱ ማየት ብቻ ሆነ። አልቻለም። በሽተኛ ማከሙን ተወና መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ ወደሚያጠናው ዘርፍ ዞረ። እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ማርቡርግ በሚባል ከተማ በተመራማሪነት ሠራ።

17 ዓመት የተረሳ ሐሳብ

በ1900ዎቹ መጀመሪያ ለንደን ሄዶ ሄንሪ ዴል ከሚባል እንግሊዛዊ ወጣት ጋር ተዋወቀ። ጓደኝነታቸው ዕድሜ ልካቸውን ዘለቀ።

በዚያ ዘመን ሳይንቲስቶችን የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ነበር። ነርቭ መልእክት ይዞ ልብ ወይም ጡንቻ ጋ ሲደርስ፣ መልእክቱ የሚተላለፈው እንዴት ነው? ብዙዎቹ እንደ ኤሌክትሪክ ዘሎ ያልፋል ብለው ያምኑ ነበር። ሎዊ ግን እ.ኤ.አ. በ1903 ከአንድ ወዳጁ ጋር ሲያወራ ሌላ ሐሳብ መጣለት። ምናልባት የነርቩ ጫፍ አንድ ኬሚካል ጠብ ያደርግ ይሆን?

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ማረጋገጫው ግን ከየት ይምጣ? ስለዚህ ረሳው። ወደ ቪየና ተዛወረ። እ.ኤ.አ. በ1908 ጊዳን አገባ፤ ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። እ.ኤ.አ. በ1909 በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። ሐሳቡ ግን ውስጡ ተኝቶ ነበር።

ሌሊት 9 ሰዓት

እ.ኤ.አ. 1920። በአገሩ የፋሲካ ዋዜማ ሌሊት ሎዊ ከእንቅልፉ ባነነ። በሕልሙ አንድ ሙከራ አይቷል። መብራት አብርቶ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ተመልሶ ተኛ።

ጠዋት ሲነሳ ትልቅ ነገር መጻፉ ትዝ ይለዋል። ወረቀቱን አነሳ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ የገዛ ጽሑፉን ማንበብ አቃተው! ያ ቀን በሕይወቱ ካየው ሁሉ የከፋ ሆነበት። ቀኑን ሙሉ ወረቀቱን እያገላበጠ ዋለ።

በማግስቱ ሌሊት፣ በኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሕልሙ ተመልሶ መጣ። አሁን ወረቀት አልፈለገም፤ እስኪነጋም አልጠበቀም። ልብሱን ለብሶ በጨለማ ወደ ቤተ ሙከራው ሄደ።

ሙከራው ቀላል ነበር። የሁለት እንቁራሪቶችን ልብ አውጥቶ ለየብቻ በጨው ውኃ ውስጥ አኖረ። የእንቁራሪት ልብ ከወጣ በኋላም ለጊዜው መምታቱን አያቆምም። አንደኛው ልብ ቬገስ የሚባለው ነርቭ አብሮት አለ፤ ሁለተኛው የለውም። ቬገስ ከአንጎል ሥር ተነስቶ ወደ ልብ፣ ወደ ሳንባና ወደ ሆድ የሚወርድ ረጅም ነርቭ ነው። የልብን ምት የሚያዘገየው እሱ ነው።

ሎዊ የመጀመሪያውን ልብ ነርቭ በኤሌክትሪክ ነካው። ልቡ ዘገየ። ይሄ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ያ ልብ የነበረበትን ውኃ ቀድቶ ነርቭ የሌለው ሁለተኛው ልብ ላይ ጨመረው። ሁለተኛውም ልብ ዘገየ!

ነርቭ የለውም፤ ማንም አልነካውም። ታዲያ ማን አዘገየው? ውኃው ውስጥ ያለው ነገር ነው። ነርቩ በእርግጥም ኬሚካል ጠብ ያደርጋል ማለት ነው። ሎዊ ውጤቱን በ1921 አሳተመ፤ ለነገሩም በጀርመንኛ የቬገስ ንጥረ ነገር የሚል ስም አወጣለት። በኋላ አሴቲልኮሊን መሆኑ ታወቀ። ጓደኛው ዴል ቀደም ብሎ በ1914 ያጠናው ኬሚካል ነው።

ብዙዎች አላመኑትም። ሙከራውን ደግመው ያልሆነላቸውም ነበሩ። ስለዚህ በ1926 ስቶክሆልም ላይ በተካሄደው የፊዚዮሎጂ ጉባኤ፣ በተሰበሰበው ሊቅ ፊት በአንድ የእንቁራሪት ልብ ሙከራውን 18 ጊዜ ደጋግሞ አሳየ።

የዕረፍት አዛዡ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም፤ ጠርሙሱን የምንረዳው በዚህ ነውና።

ሰውነታችን ሳናዘው የሚሠራ ሁለት የነርቭ ሥርዓት አለው። አንደኛው የሩጫና የድንጋጤ ነው፤ ጅብ ሲያባርራችሁ ልብ የሚያስደልቀው። ሁለተኛው የዕረፍት ነው፤ ፓራሲምፓቴቲክ ይባላል። በልታችሁ ጥላ ሥር ጋደም ስትሉ ልብን የሚያረጋጋው፣ ምራቅ የሚያመነጨው፣ ሆድ የሚያንቀሳቅሰው፣ ብሌን የሚያጠበው እሱ ነው። የሚያዝበት ኬሚካል ደግሞ ያ ሎዊ ያገኘው አሴቲልኮሊን ነው።

ትእዛዝ ከተላለፈ በኋላ ግን መቆም አለበት። በ1926 ሎዊና ረዳቱ ናቭራቲል ይህንንም ደረሱበት። ሰውነት ውስጥ አሴቲልኮሊንን ወዲያው የሚሰባብር ኢንዛይም አለ። ኬሚካሉ ጠብ ይላል፣ ሥራውን ይሠራል፣ ኢንዛይሙ ይጠርገዋል።

ኢንዛይሙ ቢታሰርስ? ሎዊ ይህን ያየው ከአፍሪካ በመጣ መርዝ ነው። በዛሬዋ ናይጄሪያ፣ ካላባር በሚባል አካባቢ፣ በወንጀል የተጠረጠረ ሰው የአንድ ባቄላ ጭማቂ ይጠጣ ነበር። ካስመለሰው ንጹሕ ነው፤ ከሞተ ወንጀለኛ። በኛ አገር ሌባሻ የሚባለው፣ ልጅ አስክሮ ሌባ የማስፈለግ ልማድ እንደነበረው ሁሉ፣ እዚያ ፍርዱ የባቄላው ነበር። በባቄላው ውስጥ ያለው ፊዞስቲግሚን ያንን ኢንዛይም ያስረዋል። ጠራጊ ከሌለ አሴቲልኮሊን ይከማቻል። ትእዛዙም አያቆምም።

በቃ፣ ምሥጢሩ ይሄ ነው። ማላታይንም ዲያዚኖንም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ነቀዙም፣ መዥገሩም፣ ሰውም ይኸው ኢንዛይም አላቸው። የተመረዘ ሰው ምራቁ የሚዝረበረበው፣ ሳንባው በፈሳሽ የሚሞላው፣ ልቡ የሚዘገየው የዕረፍት ትእዛዝ ሳያቋርጥ ስለሚወርድበት ነው። ጡንቻን የሚያዘውም ይኸው ኬሚካል በመሆኑ፣ ጡንቻው መጀመሪያ ይርገበገባል፣ ኋላ ይዝላል። የመተንፈሻው ጡንቻ ሲዝል ሰው ይሞታል።

ሎዊ ሌላም ነገር አይቷል። አትሮፒን የሚባል መድኃኒት ቀድሞ የተሰጠው ልብ የቬገስን ኬሚካል አይሰማም። ኬሚካሉ አለ፣ በሩ ግን ተዘግቷል። ዛሬ ሐኪም ለተመረዘ ሰው ቀድሞ የሚወጋው ይህንኑ አትሮፒን ነው።

ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም.

ታኅሣሥ 1 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 10 ቀን 1936) ሎዊና ዴል ስቶክሆልም ላይ የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ሰውነት ውስጥ ትእዛዝ እንዴት እንደሚተላለፍ አሳይተዋልና።

በ13ኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 14፣ ጀርመን ውስጥ ጌርሃርድ ሽራደር የሚባል ኬሚስት ለተባይ ማጥፊያ የሚሆን አዲስ ንጥረ ነገር ሠራ። ከሳምንታት በኋላ ጥቂት ጠብታ ጠረጴዛ ላይ ፈሰሰችና እሱም ረዳቱም ብሌናቸው ጠበበ፣ ትንፋሽ አጠራቸው። ያገኘው ነገር በኋላ ታቡን የተባለው የነርቭ ጋዝ ነው። የጀርመን ጦር ወዲያው ምሥጢር አድርጎ ያዘው። የዛሬዎቹ ብዙ የተባይ ማጥፊያዎች የዚያ ሥራ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ማላታይን ራሱ አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ1950 ገበያ ወጣ። ከዘመዶቹ ሲተያይ ለሰው ቀለል ያለ ነው ይባላል። ቀለል ያለ ማለት ግን የማይገድል ማለት አይደለም።

በዚያው ታኅሣሥ ወር በኛ አገር ራስ እምሩ ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ቆይተው ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጃቸውን ሰጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደሴ በአውሮፕላን ተደብድባለች፤ የሰሜኑ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ዘንቦበታል። የሰናፍጭ ጋዝ ሥራው ሌላ ነው፤ ነርቭ ሳይሆን ቆዳና ሳንባ ያቃጥላል። የዘመኑ መንፈስ ግን አንድ ነው። ለሰው ይጠቅማል የተባለ ኬሚስትሪ ሰው መፍጃ ሆኖ ነበር።

እንደገና ሌሊት 9 ሰዓት

ኖቤል በተሸለመ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1938፣ ናዚዎች ኦስትሪያን ያዙ። በዚያው ሌሊት፣ አሁንም 9 ሰዓት ገደማ፣ የታጠቁ ሰዎች የሎዊን መኝታ ቤት ሰብረው ገቡ። የ64 ዓመቱን ሽማግሌ ይዘው ወኅኒ ጣሉት። ጥፋቱ አይሁድ መሆኑ ነው። ሁለት ወንዶች ልጆቹም ታሰሩ።

ወኅኒ ሆኖ ያስጨነቀው ነገር ይገርማል። የመጨረሻ ሙከራው ውጤት ገና አልታተመም። ከሞትኩ ይጠፋል ብሎ ፈራ። ዘበኛውን ለምኖ ፖስት ካርድ አገኘ፤ ውጤቱን ጻፈና ለአንድ የሳይንስ መጽሔት ላከው። ካርዱ ሲሄድ እፎይ አለ።

ከሁለት ወር በኋላ ፈቱት፤ በነጻ ግን አይደለም። ስቶክሆልም ባንክ ያለውን የኖቤል ገንዘብ ናዚዎች ወደያዙት ባንክ እንዲያዛውር አስገደዱት። በሴፕቴምበር 1938 ባዶ እጁን አገር ለቆ ወጣ። ባለቤቱ ጊዳ በንብረት ጉዳይ ታግዳ ቀረች፤ የተገናኙት በ1941 ነው።

በብራስልስና በኦክስፎርድ አድርጎ በ1940 ኒው ዮርክ ገባ። ወደብ ላይ የሐኪም ወረቀቱን አየት ቢያደርግ ያረጀና ሠርቶ መብላት የማይችል ይላል! ደግነቱ የኢሚግሬሽኑ ሰው አለፈው። ሎዊ ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዓመታት ሠራ፤ በ1946 የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። ታኅሣሥ 16 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በፈረንጆች ገና ዕለት፣ በ88 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ጠርሙሱ እንመለስ

ዛሬ በሆስፒታሎቻችን በመርዝ ከሚገቡት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ በዚህ ዓይነት ፀረ ተባይ የተጎዱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ደግሞ ወጣቶች ናቸው። ከቤተሰብ ጋር ግጭት፣ የፈተና ውጤት፣ የፍቅር ጉዳይ። ንዴቱ የአፍታ ነው፤ ሲነጋ ይበርዳል። ጠርሙሱ ግን አጠገብ ከሆነ እስኪነጋ አይጠብቅም። ስለዚህ ጠርሙሱን ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ አኑሩት፤ ወይም ጭራሽ ከቤት አውጡት። የከፋችሁ ቀን ደግሞ ለአንድ ለምታምኑት ሰው ንገሩ። ጓደኛችሁ ከተናገረም አትቀልዱበት፤ ብቻውን አትተዉት።

ሌሎቹ የሚመረዙት ሳያውቁ ነው። ባዶውን ዕቃ አጥቦ ውኃ ወይም ዘይት የሚይዝበት አለ። ለራስ ቅማልና ለትኋን የሚቀባው አለ። ያለ ጓንትና ያለ መሸፈኛ የሚረጭም አለ። መርዙ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳም ይገባል። አሮጌ ማላታይን ደግሞ ይብሳል። በ1976 ፓኪስታን ውስጥ ወባ ለመከላከል ሲረጩ የነበሩ 2,800 ያህል ሠራተኞች ተመርዘው ቢያንስ 5ቱ ሞተዋል። ምክንያቱ በአቀማመጥ ወቅት ማላታይኑ ውስጥ የበቀለ ሌላ የባሰ መርዝ ነበር።

ሰው ከተመረዘ ምን ይደረግ? መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ፤ እጃችሁን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኑ። መርዝ የነካውን ልብስ አውልቁ፤ ቆዳውን በብዙ ውኃና ሳሙና እጠቡ። በጎኑ አስተኙት። ወተት አታጠጡ፤ ጣት ከትታችሁም አታስመልሱት፤ ፈሳሹ ወደ ሳንባ ቢገባ ሌላ አደጋ ነው። ጠርሙሱን ወይም ጽሑፉን በፌስታል አድርጋችሁ ያዙ፤ ሐኪሙ ዓይነቱን ይወቅ።

አስተናግር ብንሰጠውስ የሚል ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፣ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው አስተናግር ውስጥ የአትሮፒን ዘር አለ። መጠኑ ግን አይታወቅም። ስሙ እንደሚጠቁመው ሰውን ያስለፈልፋል፤ ሲበዛም ይገድላል። ሐኪም አትሮፒን የሚሰጠው እየለካ፣ ደረቱን እያዳመጠ፣ ሳንባው እስኪደርቅ እየደጋገመ ነው። በሽተኛው ተሻለኝ ቢልም ቶሎ ከሆስፒታል አታውጡት፤ ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ የመተንፈሻ ጡንቻ እንደገና ሊዝል ይችላል።

ከሁሉ በላይ ሰዓት ነው። የቦረና ደጋ ገደል አለው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ሰው ታሞ ሲያድር፣ እስኪነጋ እንጠብቅና በቃሬዛ እናወርደዋለን ማለት የተለመደ ነው። ለዚህ መርዝ ግን ንጋት ሩቅ ነው። ያ ኢንዛይም በቆየ ቁጥር እስሩ ይጠብቃል።

ኦቶ ሎዊ በመጀመሪያው ሌሊት ተመልሶ ተኛ፤ ሕልሙም ከእጁ አመለጠ። በሁለተኛው ሌሊት ግን በ9 ሰዓት ተነስቶ በጨለማ ወጣ። እናንተም በዚያ ሰዓት ብትጠሩ፣ ጎረቤት ቀስቅሱና ውጡ።